ብዜትን የሚችሉና የማይችሉ ጠባዮች፦ ስለ ቶፖሎጂያዊ ህዋዎችና ስለ አንድ የፈተና ጥያቄ



 አዘጋጆቹ ንግግሩ በአማርኛ እንዲሆን ሲጠይቁኝ ወዲያው እሺ አልኩ፤ ቤቴ ገብቼ ወረቀት ሳነሣ ግን የገባሁበት ጣጣ ታየኝ። ቶፖሎጂን የተማርኩትም ያስተማርኩትም በእንግሊዝኛ ነው። ማረጋገጫውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስጨርስ፣ የተማሪው ፊት እንደ ጨለመ ካየሁ «ነገሩ እኮ እንዲህ ነው» ብዬ በአማርኛ እጀምራለሁ። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እዚህ የተቀመጥን መምህራን ሁላችንም ነን። የዛሬው ንግግር ሙሉ በሙሉ ከዚያ «ነገሩ እኮ እንዲህ ነው» ከሚለው ክፍል የተሠራ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። ስፔስ የሚባለውን ህዋ እለዋለሁ፤ ጠፈር ማለቴ አይደለም፤ ነጥቦች የሚኖሩበት ሥፍራ ማለቴ ነው። ፕሮፐርቲ የሚባለውን ጠባይ እለዋለሁ፤ ይህ ትርጉም እንዲያውም ከመነሻው ቃል የተሻለ ይመስለኛል። ኮምፓክት፣ ሬጉላር፣ ኖርማል የሚሉትን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። ኖርማል የሚለው ስም ግን እንዳያታልላችሁ አስቀድሜ አሳስባለሁ። ስሙን የሰማ ሰው ጨዋ፣ ጭምት፣ ከማንም ጋር ተስማምቶ የሚኖር ጠባይ አድርጎ ይገምታል። እኔም እንደዚያ ገምቼ ነበር።

ንግግሬ የሚዞረው በአንድ የፈተና ጥያቄ ዙሪያ ነው። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱም የእኔ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር፣ የማስተርስ ዲግሪዬን ይዤ ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ጠቅላላ ቶፖሎጂ የሚባለውን ኮርስ እሰጥ ነበር። በቤተ መጻሕፍቱ የነበረው መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ እኔ ዘንድ ነበር። ተማሪው የሚያነበው እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን፣ እሱ ወደ ደብተሩ የገለበጠውን ነው። ስለ ህዋዎች ብዜት ባስተማርኩበት ሳምንት ሦስት ቲዎረሞች አከታትዬ ጻፍኩ። የሁለት ሃውስዶርፍ ህዋዎች ብዜት ሃውስዶርፍ ነው። የሁለት ሬጉላር ህዋዎች ብዜት ሬጉላር ነው። የሁለት ኖርማል ህዋዎች ብዜት ኖርማል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አረጋገጥኩ። ሰዓቴ እያለቀ ስለ ነበር ከሦስተኛው ሥር «ማረጋገጫው ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ለተማሪው ተትቷል» የሚል ጽፌ ወጣሁ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ያንኑ ሦስተኛውን «አረጋግጡ» ብዬ በ15 ነጥብ ለፈተና አቀረብኩት።

ሦስተኛው ቲዎረም ሐሰት ነው።

ለምን ሐሰት እንደ ሆነ ለማሳየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ ትምህርቱን የምታውቁ ታገሡኝ። በአንድ ስብስብ ላይ ቶፖሎጂ መሥራት ማለት ከንዑስ ስብስቦቹ መካከል የትኞቹ «ክፍት» እንደሚባሉ መወሰን ነው። ውሳኔው የሚያከብረው ሕግ ጥቂት ነው። ባዶው ስብስብና ሙሉው ስብስብ ክፍት ናቸው፤ ክፍት ስብስቦች የቱንም ያህል ቢበዙ ውሕደታቸው ክፍት ነው፤ በቁጥር የተወሰኑ ክፍት ስብስቦች የጋራ ክፍልም ክፍት ነው። ከዚህ በላይ ምንም የለም፤ ርቀት የለም፣ ማዕዘን የለም፣ ሜትር የለም። ዝግ የሚባለው ደግሞ ማሟያው ክፍት የሆነ ስብስብ ነው። በር ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው፤ ስብስብ ግን ሁለቱንም ሊሆን፣ ወይም አንዱንም ላይሆን ይችላል። በየዓመቱ በመጀመሪያው ፈተና ላይ ተማሪ የሚጥለው ይኸው ነው።

ይህን አስተሳሰብ በ1914 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የስብስብ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ ቅርጽ ያስያዘው ጀርመናዊው ፌሊክስ ሃውስዶርፍ ነው። ሰውየው በብዕር ስም ፍልስፍናና ተውኔት የሚጽፍ፣ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ነበር። በቦን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሳለ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ፤ አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራውና ከማኅበራዊ ኑሮው ተገለለ። በጥር 1942 እ.ኤ.አ. ወደ ማጎሪያ እንደሚወሰዱ ሲነገራቸው እሱ፣ ሚስቱና የሚስቱ እኅት በአንድ ሌሊት ሕይወታቸውን አጠፉ። ተማሪዎቼ «ሃውስዶርፍ» የሚለውን ቃል እንደ አንድ ቅጽል ብቻ ሲጠሩት ይህን አልፎ አልፎ እነግራቸዋለሁ፤ ቅጽሉ ሰው ነበር።

ሃውስዶርፍ የጠየቀው ጠባይ ይህ ነው፦ ሁለት የተለያዩ ነጥቦች ሁልጊዜ የየራሳቸው ግቢ ይኑራቸው፤ ግቢዎቹም አይነካኩ። ግቢ ስል ነጥቡን የያዘ ክፍት ስብስብ ማለቴ ነው። ሬጉላር የሚባለው ህዋ ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ አንድ ነጥብና ነጥቡን ያልያዘ አንድ ዝግ ስብስብ በማይነካኩ ክፍት ስብስቦች ይለያያሉ። ኖርማል የሚባለው ደግሞ የመጨረሻውን ይጠይቃል፤ የጋራ ነጥብ የሌላቸው ሁለት ዝግ ስብስቦች ምንጊዜም በማይነካኩ ክፍት ስብስቦች እንዲከበቡ። የተለመዱት ህዋዎቻችን፣ ማለት ርቀት የሚለካባቸው ሁሉ፣ ሦስቱንም ያሟላሉ።

ኖርማልነት ለምን ይፈለጋል? ፓቬል ኡሪሶን የተባለው የሞስኮ ወጣት ያረጋገጠው ለማ አለ። ህዋው ኖርማል ከሆነ ሁለት የማይገናኙ ዝግ ስብስቦች በወሰድን ቁጥር በአንደኛው ላይ 0፣ በሌላው ላይ 1 የሆነ፣ በመካከል ሳይቆረጥ የሚሸጋገር ቀጣይ ፈንክሽን ይገኛል። ክፍትና ዝግ ከሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ተነሥቶ ቁጥር ወደሚሰጥ ፈንክሽን መድረስ ተራ ነገር አይደለም። ኡሪሶን በነሐሴ 1924 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ብሪታኒ ጠረፍ ሲዋኝ ሰጠመ፤ ዕድሜው 26 ነበር። ለማው የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ብዜት እንምጣ። ሁለት ህዋዎች ሲበዙ የአዲሱ ህዋ ነጥቦች ጥንዶች ናቸው፤ አንዱ ከመጀመሪያው፣ ሌላው ከሁለተኛው። የአዲሱ ህዋ መሠረታዊ ክፍት ስብስቦች አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ የአንደኛው ክፍት ስብስብ ጎን፣ የሁለተኛውም ክፍት ስብስብ ጎን ሆኖ። የሃውስዶርፍ ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ሁለት ጥንዶች የተለያዩ ከሆኑ ቢያንስ በአንዱ መጋጠሚያ ይለያያሉ፤ እዚያው ለይቼ ግቢዎቹን ወደ ብዜቱ አሳድጋቸዋለሁ። ሬጉላርም እንዲሁ ነው። ነጥቡ ከዝጉ ስብስብ ውጭ ስለ ሆነ ዝጉን ስብስብ የማይነካ አራት ማዕዘን ይከበዋል፤ የአራት ማዕዘኑን ሁለቱንም ጎኖች በየህዋዎቹ ሬጉላርነት ጠበብ አደርጋለሁ፤ አለቀ። የሁለቱም ማረጋገጫዎች ምሥጢር አንድ ነው፤ ነጥብ ወደ መጋጠሚያዎቹ ሲወርድ ያው ነጥብ ነው።

ዝግ ስብስብስ? በተለመደው ጠለል ላይ የመጋጠሚያዎቻቸው ብዜት 1 የሚሆንባቸውን ነጥቦች፣ ማለት ሁላችሁም የምታውቁትን ሃይፐርቦላ፣ ውሰዱ። ዝግ ስብስብ ነው። ወደ አግድሙ አክሲስ ሲጣል ግን ከ0 በቀር ሁሉንም ቁጥር ይሸፍናል፤ ይህ ዝግ አይደለም። ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ዝግ ስብስቦችም ወደ አክሲሱ ሲጣሉ አንድ ጥላ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ የየህዋዎቹ ኖርማልነት የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ «ማረጋገጫው ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል» የሚለው ዓረፍተ ነገሬ እዚህ ላይ ወደቀ።

ከፈተና ወረቀቶቹ መካከል አንዲት ተማሪ የጻፈችው ግማሽ ገጽ ነበረ። ከላይ የተናገርኩት አንቀጽ፣ ሃይፐርቦላው ሳይቀር፣ በመሠረቱ የእሷ ነው። በመጨረሻ ላይ «በዚህ ምክንያት የየህዋዎቹን ኖርማልነት ልጠቀምበት አልቻልኩም፤ የማይሠራበትን ህዋም ላገኝ አልቻልኩም» ብላ አቆመች። ከ15 ሁለት ሰጠኋት። ሌሎቹ አብዛኞቹ «በብዜቱ ውስጥ ያለው ዝግ ስብስብ የሁለት ዝግ ስብስቦች ብዜት ነው እንበል» ብለው ጀምረው በሰላም ጨረሱ። እኔም ሙሉ 15 እየሰጠሁ አለፍኩ።

ተማሪዋ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ ሦስተኛውን ጥያቄ እርስዎ እንዴት እንደሚያረጋግጡት ቢያሳዩኝ» አለችኝ፤ ነጥብ ጨምርልኝ አላለችም። ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ «ከሁለተኛው ጋር አንድ ነው፤ አንቺ ነሽ ያከበድሽው» አልኳት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። በዚያ ቀን ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳው ላይ ልሞክረው ብል ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ እቆም ነበር። አልሞከርኩም።

እሷ የፈለገችውን ዓይነት ህዋ በ1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሮበርት ሶርገንፍሬይ አሳይቷል። እኔ ያወቅኩት ግን ለዶክትሬት ውጭ አገር በሄድኩ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ህዋው የማይታመን ያህል ቀላል ስለ ሆነ ሙሉውን ላሳያችሁ።

የቁጥሮችን መሥመር ውሰዱ። በተለመደው ቶፖሎጂ የአንድ ቁጥር ግቢ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጥቂት ይዘልቃል። ሶርገንፍሬይ ግን ወደ ቀኝ ብቻ አደረገው፤ መሠረታዊው ክፍት ስብስብ መነሻውን የሚይዝ፣ መድረሻውን የማይዝ ኢንተርቫል ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከእሱ በኋላ የሚመጡትን ያያል፤ ጀርባውን አያይም።

ይህ መሥመር ኖርማል ነው። ሁለት የማይገናኙ ዝግ ስብስቦች ውሰዱ፤ የአንዱን ነጥቦች ቀይ፣ የሌላውን ሰማያዊ ቀቧቸው። ከእያንዳንዱ ቀይ ነጥብ ወደ ቀኝ፣ አንድም ሰማያዊ የማይነካ አጭር ኢንተርቫል ዘርጉ፤ የሰማያዊዎቹ ስብስብ ዝግ ስለ ሆነ ይቻላል። ከእያንዳንዱ ሰማያዊም አንድም ቀይ የማይነካ ዘርጉ። አሁን አንድ ቀይ ኢንተርቫልና አንድ ሰማያዊ ኢንተርቫል ተገናኙ እንበል። ከሁለቱ መነሻዎች አንዱ በግራ ነው፤ ቀዩ ይሁን። ሁለቱ ወደሚገናኙበት ለመድረስ ቀዩ ኢንተርቫል በሰማያዊው መነሻ ላይ ማለፍ አለበት። ሰማያዊ እንዳይነካ አድርገን መርጠነው ነበር። ስለዚህ አይገናኙም። ሰማያዊው በግራ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። በትምህርቱ ውስጥ ከማውቃቸው ማረጋገጫዎች ሁሉ ይህን ያህል አጭርና ይህን ያህል ንጹሕ የሆነ ጥቂት ነው።

አሁን ይህን መሥመር በራሱ እናብዛው። ጠለል ይሆናል፤ የአንድ ነጥብ ግቢ ደግሞ ነጥቡን በግራ ታችኛው ማዕዘኑ የያዘ ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። በዚህ ጠለል ላይ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች የሚወርደውን ሰያፍ መሥመር ሥሉ፤ ሁለተኛው መጋጠሚያ የመጀመሪያው አሉታዊ የሆነበትን። በመሥመሩ ላይ ባለ አንድ ነጥብ ላይ አራት ማዕዘኑን ብታስቀምጡ ሰያፉን የሚነካው በዚያው ማዕዘኑ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከሰያፉ በላይ ነው። ይህም ማለት በሰያፉ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ብቻውን ይኖራል፤ ከሰያፉ የተወሰደ ማንኛውም ንዑስ ስብስብም በጠለሉ ውስጥ ዝግ ነው።

የመጀመሪያ መጋጠሚያቸው ራሽናል የሆኑትን የሰያፉን ነጥቦች ቀይ፣ ኢራሽናል የሆኑትን ሰማያዊ እንቀባ። ሁለቱም ዝግ ናቸው፤ አይገናኙም። ጠለሉ ኖርማል ቢሆን ኖሮ በማይነካኩ ክፍት ስብስቦች መለየት በተቻለ ነበር። ተለዩ እንበል። እያንዳንዱ ሰማያዊ ነጥብ በሰማያዊው ክፍት ስብስብ ውስጥ የሚያድር አራት ማዕዘን አለው። ሰማያዊዎቹን በአራት ማዕዘናቸው ስፋት እንመድባቸው፤ ጎናቸው ቢያንስ 1 የሆነ፣ ቢያንስ 1/2 የሆነ፣ ቢያንስ 1/3 የሆነ፣ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ሰማያዊ በአንዱ ምድብ ይገኛል። ፈረንሳዊው ረኔ ቤር ያረጋገጠው ቲዎረም እዚህ ይደርስልናል። ኢራሽናል ቁጥሮች ተቆጣሪ በሆኑ ምድቦች ቢከፋፈሉ ሁሉም ምድቦች የሳሱ ሊሆኑ አይችሉም፤ ቢያንስ አንዱ ምድብ በሆነ ኢንተርቫል ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ ይገኛል። በዚያ ኢንተርቫል ውስጥ አንድ ቀይ ነጥብ አንሡ። እሱም የራሱ አራት ማዕዘን አለው፤ የፈለገውን ያህል ትንሽ ይሁን። የምድቡ ሰማያዊዎች ጥቅጥቅ ያሉ ስለ ሆኑ ከቀዩ በስተግራ፣ ከሁለቱም ጎኖች ርዝመት ባነሰ ርቀት፣ አንድ ሰማያዊ ነጥብ ይገኛል። አሁን የመጀመሪያ መጋጠሚያውን ከቀዩ፣ ሁለተኛ መጋጠሚያውን ከሰማያዊው የወሰደውን ነጥብ ተመልከቱ። በቀዩ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው፤ በሰማያዊውም ውስጥ ነው። አይነካኩም ያልናቸው ተነካኩ።

ፕሮፌሰሩ ይህን በሁለት ቀለም ጠመኔ ሥሎ ሲጨርስ ሌሎቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጡ ነበር። እኔ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። በዓይኔ የመጣው ያ ግማሽ ገጽ ነው። በዚያው ሳምንት ቀድሞ ለሠራሁበት ዲፓርትመንት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጥያቄው የተሳሳተ እንደ ነበር፣ ነጥቡም እንዲስተካከል። የውጤት ማስተካከያ ጊዜው ማለፉን የሚገልጽ አጭር መልስ መጣልኝ። ተማሪዋን ዳግመኛ አላገኘኋትም። የሰጠኋት ሁለት ነጥብ በመዝገብ ላይ አሁንም ሁለት ነው፤ ለሐሰተኛ ማረጋገጫ የሰጠኋቸው አሥራ አምስቶችም አሥራ አምስት ናቸው።

ይህን ታሪክ ለኑዛዜ ብቻ አላመጣሁትም። ከዚያ በኋላ አንድን ጠባይ ሳስተምር ትርጉሙን ጽፌ ማለፍ አልቻልኩም፤ ጠባዩ ምን ይችላል፣ ምንስ ሲገጥመው ይፈርሳል ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ ረገድ ኖርማልነትን የመሰለ አስቸጋሪ ጠባይ አላውቅም። ሶርገንፍሬይ ሁለት እንግዳ ህዋዎችን ነው ያበዛው፤ አንዱን እጅግ ጨዋ አድርገን ብንመርጥስ? ከ0 እስከ 1 ካለው ተራ ኢንተርቫል ጋር ብቻ ብናበዛውስ? ሂዩ ዳውከር በ1951 እ.ኤ.አ. ጥያቄውን አጠራው፤ አንድ ኖርማል ህዋ ከዚህ ኢንተርቫል ጋር ሲበዛ ኖርማልነቱን የሚያጣው ከሽፋኖች ጋር የተያያዘ አንድ ተጨማሪ ጠባይ ሲጎድለው ብቻ መሆኑን አረጋገጠ። ያ የጎደለው ኖርማል ህዋ ግን መኖር አለመኖሩ አልታወቀም። ሃያ ዓመት አለፈ።

መልሱን የሰጠችው ሜሪ ኤለን ሩዲን ናት፤ በ1971 እ.ኤ.አ.። እንዲህ ያለ ህዋ አለ አለች፤ ሠርታም አሳየች። ህዋው የተገነባው ማለቂያ የሌላቸው ስብስቦች ከሚቆጠሩባቸው ትልልቅ ቁጥሮች ነው፤ እዚህ ልዘረዝረው አልሞክርም። ሩዲን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት በሌክቸረርነት ማዕርግ ቆይታ ሙሉ ፕሮፌሰር የተባለችው በዚያው በ1971 ነው። ልጆች እያሳደገች፣ ቤቷ ሳሎን ሶፋ ላይ ጋደም ብላ፣ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለች ትሠራ እንደ ነበር በሙያው የታወቀ ነው። ስለ ምርምር ምቹ ሁኔታ በስብሰባ ስንማረር ይህን ሶፋ አስታውሳለሁ፤ ምሬታችን ልክ አይደለም ለማለት ግን አይደለም።

በሌላ ወገን ኮምፓክትነት አለ። ትርጉሙን ተማሪ ሲሰማው ግራ ይጋባል፦ ህዋውን የሚሸፍኑ ክፍት ስብስቦች በቀረቡ ቁጥር ከእነሱ መካከል በቁጥር የተወሰኑት ብቻ ለመሸፈን ይበቃሉ። «ይህ ከየት መጣ? ለምን በሲኩዌንስ አንተረጉመውም?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቃሉን በ1906 እ.ኤ.አ. ያስገባው ሞሪስ ፍሬሼ ራሱ የተነሣው ከሲኩዌንስ አስተሳሰብ ነው። በሽፋን የተሰጠውን ትርጉም አጥብቀው የያዙት አሌክሳንድሮፍና ያ የሰጠመው ኡሪሶን ናቸው፤ የትኛው ትርጉም እንደሚሻል የፈረደው ግን ብዜት ነው።

እዩት። 0ና 1 ብቻ ያሉበትን ባለ ሁለት ነጥብ ህዋ ውሰዱ፤ ከ0 እስከ 1 ላለው ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ አንድ ቅጂ አድርጋችሁ ሁሉንም አብዙ። የዚህ ብዜት አንድ ነጥብ ማለት ለእያንዳንዱ ቁጥር 0 ወይም 1 የሚሰጥ ፈንክሽን ነው። የመጀመሪያው ፈንክሽን የቁጥሩን የመጀመሪያ ባይነሪ አኃዝ ይስጥ፤ ሁለተኛው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛው ሦስተኛውን። ከዚህ ሲኩዌንስ የትኛውንም ንዑስ ሲኩዌንስ ብትመርጡ፣ በመረጣችኋቸው ቦታዎች ላይ አኃዞቹ 0፣ 1፣ 0፣ 1 እያሉ የሚፈራረቁበት ቁጥር አለ፤ በዚያ ቁጥር ላይ ሲኩዌንሱ አይረጋም። እንግዲህ በሲኩዌንስ የተተረጎመው ጠባይ በእያንዳንዱ ባለ ሁለት ነጥብ ህዋ ላይ እያለ በብዜቱ ላይ ጠፋ። በሽፋን የተተረጎመው ግን አይጠፋም። አንድሬይ ቲኾኖፍ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ቲዎረም የኮምፓክት ህዋዎች ብዜት፣ የቱንም ያህል ብዙ ቢሆኑ፣ ኮምፓክት ነው ይላል።

ለእኔ ደግሞ ሌላ ትርፍ አለው። ኮምፓክትም ሃውስዶርፍም የሆነ ህዋ ሁልጊዜ ኖርማል ነው። ሁለቱም ጠባዮች ብዜትን ስለሚችሉ እንዲህ ያሉ ህዋዎች በበዙ ቁጥር ኖርማልነት አብሮ ይመጣል። በኮምፓክት ባልሆነው ወገን ግን አርተር ስቶን በ1948 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የተፈጥሮ ቁጥሮችን ያህል ቀላል ህዋ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ብቻውን ክፍት የሆነበት፣ ከተቆጣሪ በላይ በሆነ ብዛት በራሱ ሲበዛ ኖርማል አይሆንም። የእኔ የፈተና ጥያቄ «ኮምፓክትና ሃውስዶርፍ የሆኑ» የሚሉ ቃላት ቢጨመሩበት ኖሮ እውነት ይሆን ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ማረጋገጫው በሌላ መንገድ ይመጣል እንጂ ከሬጉላሩ ጋር «አይመሳሰልም»።

ዛሬ በፈተናዬ ላይ «አረጋግጡ» የሚል ትእዛዝ ብቻውን አታገኙም፤ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ምክንያታችሁን አሳዩ» ይላል። ማረጋገጫው የሚቆምበትን ቦታ በትክክል ያሳየ ተማሪ፣ አፍራሽ ምሳሌውን ባያገኝም፣ ከነጥቡ እኩሌታ በላይ ያገኛል። አንድ ባልደረባዬ ይህ እርማቱን ያረዝማል፣ ሰማንያ ተማሪ ባለበት ክፍል አይቻልም ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ያረዝማል። እኔም አንዳንድ ሴሚስተር ደክሞኝ በአጭሩ ያለፍኩበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ከመቶ ሃምሳ ትክክለኛ መስሎ ከቀረበ መልስ ይልቅ የሶርገንፍሬይን አንድ ሥዕል የሚሥል ተማሪ ቢወጣልኝ እመርጣለሁ። አፍራሽ ምሳሌን የትምህርቱ ማጣፈጫ አድርጎ የማስተማር ልማድ አለን፤ ቲዎረሙ ዋናው ወጥ፣ ምሳሌው ሚጥሚጣ። በጠቅላላ ቶፖሎጂ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ የቲዎረሞቹ ቅድመ ሁኔታዎች በሙሉ በእነዚህ ምሳሌዎች የተቀረጹ ናቸው።

ከመድረኩ ከመውረዴ በፊት አንድ ልምምድ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። የሶርገንፍሬይን መሥመር በራሱ ሳይሆን ከ0 እስከ 1 ካለው ተራ ዝግ ኢንተርቫል ጋር አብዙት። ብዜቱ ኖርማል ነው ወይስ አይደለም? መልሱን ዛሬ አልናገርም። የሚሞክር ተማሪ ወረቀቱን ቢሮዬ ያምጣ፤ ግማሽ ገጽ ቢሆንም፣ መሐል ላይ የቆመ ቢሆንም። ጠመኔም ሰሌዳም አለ፤ አብረን እንሞክረዋለን።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ ጊዜው የእናንተ ነው።